ዘሩ ከጠፋ ፈትሉም ይጠፋል
የዳካ ሙዝሊን ታሪክ ለጥጥ አምራች ወረዳዎች የሚያስተላልፈው ትምህርት

የጥጥ ልማት በወረዳ ደረጃ ሲነሳ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ጥያቄዎች ላይ ያርፋል። በሄክታር ስንት ኩንታል ተመረተ? ስንቱ ለመዳመጫ ፋብሪካ ቀረበ? ዋጋው ስንት ሆነ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። አርሶ አደሩ ጥጥ የሚዘራው ሸጦ ለመጠቀም ነው፤ ፋብሪካውም ያለ ጥጥ አይንቀሳቀስም። ይሁን እንጂ በዕቅድም ሆነ በሪፖርት ላይ እምብዛም የማይታይ አራተኛ ጥያቄ አለ። ይኸውም የሚዘራው ጥጥ ለምን ዓይነት ክር፣ ክሩስ ለምን ዓይነት ልብስ ይሆናል የሚለው ነው።

ጥያቄው ለባህልና ቱሪዝም ወይም ለዕደ ጥበብ ዘርፍ ብቻ የሚተው ይመስላል። ነገር ግን አይደለም። የጥሩ ሸማ መነሻ ማሳ ነው። ሸማኔው የቱንም ያህል ባለሙያ ቢሆን ከተሰጠው ፈትል የተሻለ ሸማ ሊያወጣ አይችልም። ፈታይዋም ጣቷ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን ጥጡ ካልፈቀደላት አታቀጥንም። ዘሩ አንድ ጊዜ ከማሳ ከወጣ በኋላ ሙያው ቢፈለግ እንኳ መመለሻው ረጅምና ውድ ነው። ይህን ከማንም በላይ በተግባር ያየችው አገር ባንግላዴሽ ናት።

በአየር የተሸመነ ጨርቅ

የዛሬዋ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካና አካባቢዋ ለብዙ መቶ ዓመታት ሙዝሊን በሚባል እጅግ ስስ የጥጥ ጨርቅ በዓለም ሲታወቁ ኖረዋል። የሕንድ የሞጉል ነገሥታት ምርጡን ለራሳቸው እያስመረጡ ያስሸምኑ ነበር። ነጋዴዎች ለየደረጃው ስም አውጥተውለት አንዱን "የሚፈስ ውኃ"፣ ሌላውን "የማታ ጤዛ"፣ ሌላውን ደግሞ "የተሸመነ አየር" ይሉት ነበር። አንድ ሙሉ ጥቅል በጣት ቀለበት ውስጥ ያልፍ እንደነበር ይነገራል። ንጉሥ አውራንግዜብ ልጃቸውን "ራቁትሽን ለምን ወጣሽ?" ብለው ሲቆጡ እሷ ሰባት ድርብ ለብሻለሁ ብላ መለሰች የሚለው ወግም እስከ ዛሬ ይወራል።

ይህ ሁሉ ቅጥነት በአንድ ዓይነት ጥጥ ላይ የተመሠረተ ነበር። ተክሉ ፉቲ ካርፓስ ይባላል። ይበቅል የነበረውም በሜግና ወንዝ ዳርቻ፣ ጎርፍ በየዓመቱ አዲስ ደለል በሚያለብሰው መሬት ላይ ነው። ቃጫው ረጅም አልነበረም። ዛሬ በገበያ ላይ "ረጅም ቃጫ" እየተባለ ከሚወደሰው ጥጥ ጋር ቢወዳደር አጭር ነው የሚባል ነበር። በማሽን ለመፈተልም አይመችም። በሠለጠነ እጅና በእርጥብ አየር ግን ሌላ ጥጥ የማይሰጠውን ክር ይሰጥ ነበር።

አሠራሩም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ጥጡ ከመዳመጡ በፊት የሚበጠረው ጥርሱ ጥቃቅን በሆነ የአንድ ዓሣ መንጋጋ ነበር። ፈትሉን የሚፈትሉት ዓይናቸው የጠራ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ የሚፈትሉትም ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታና ወደ ማታ አየሩ ሲረጥብ ነው። ደረቅ አየር ቀጭን ቃጫ ይበጥሳልና ውኃ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። አርሶ አደሩ፣ በጣሪዋ፣ ፈታይዋና ሸማኔው እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ነበሩ። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ሌላው ብቻውን ሊቆም አልቻለም።

ሰንሰለቱ እንዴት ተበጠሰ?

የዳካ ሙዝሊን በአንድ ቀን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1757 የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በፕላሲ ጦርነት ድል አድርጎ ቤንጋልን መቆጣጠር ሲጀምር የገበያው ሥልጣን ከሸማኔው እጅ ወጣ። የኩባንያው ወኪሎች ለሸማኔው ቀብድ ይሰጡና ዋጋውን ራሳቸው ይቆርጡ ነበር። ቀብድ የወሰደ ሸማኔ ለሌላ ገዢ መሸጥ አይችልም። በሥራው ሲከስር ደግሞ ዕዳው እየተቆለለ ይሄዳል። ምርጡን ጨርቅ ይገዙ የነበሩት የሞጉል ቤተ መንግሥቶችም ኃይላቸው እየተዳከመ መጣ።

በዚሁ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ማሽን እየተሻሻለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1779 ሳሙኤል ክሮምፕተን የሠራው የመፍተያ ማሽን ቀጭን ክር በብዛት ማውጣት አስቻለ። የእንግሊዝ ክርና ጨርቅ በአነስተኛ ቀረጥ ወደ ሕንድ ሲገባ የሕንድ ጨርቅ ግን ወደ እንግሊዝ ሲገባ ከባድ ቀረጥ ይጣልበት ነበር። ሸማኔዎች ርካሹን የፋብሪካ ክር መጠቀም ሲጀምሩ የፈታዮቹ ሥራ ቆመ። ፈታይ ሲጠፋ የፉቲ ካርፓስ ገዢ ጠፋ። ገዢ ያጣ አርሶ አደርም መሬቱን ለሩዝና ለሌላ ሰብል አዋለው። እ.ኤ.አ. በ1840 ሰር ቻርልስ ትሬቨሊያን የተባሉ የእንግሊዝ ሹም የዳካ ከተማ ነዋሪ ከ150 ሺህ ወደ 30 ወይም 40 ሺህ መውረዱን ለአገራቸው ምክር ቤት መስክረዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የፉቲ ካርፓስን ዘር ማንም በአዋጅ አላገደም፤ ማንም ከማሳ አላስነቀለም። ዘሩ የጠፋው የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው። የጥጥ ዘር በተራ ጎተራ ቢቀመጥ የመብቀል ኃይሉን ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ጥቂት ክረምት ሳይዘራ ካለፈ ጎተራ ውስጥ የሚገኘው ዘር ሳይሆን የሞተ ፍሬ ይሆናል።

ፍለጋው የጠየቀው ዋጋ

ከአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል በላይ ካለፈ በኋላ ባንግላዴሽ የጠፋባትን ፍለጋ ተነሳች። በአንድ በኩል ድሪክ የተባለ የዳካ ተቋም በሰይፉል ኢስላም መሪነት ጥናት ጀመረ። ቡድኑ ለንደን በሚገኘው የኪው ዕፅዋት ማዕከል ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ደርቆ የተቀመጠ የፉቲ ካርፓስ ናሙና አገኘ። የናሙናው ዘረመል ተመርምሮ በሜግና ወንዝ አካባቢ በዱር ከተገኙ የጥጥ ተክሎች ጋር ተነጻጸረ። 70 በመቶ የሚመሳሰል ተክል ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ከዳካ በስተሰሜን በወንዙ ዳር ተዘራ። የተገኘው ጥጥ ብቻውን ስላልበቃ ከተራ ጥጥ ጋር ተቀላቅሎ ተፈተለ።

በሌላ በኩል መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በእጅ ሽመና ቦርዱና በራጅሻሂ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሊቃውንት በኩል የራሱን ፕሮጀክት አንቀሳቀሰ። ተመራማሪዎቹ ንጽጽር የሚያደርጉበት እውነተኛ የድሮ ሙዝሊን ፍለጋ ለንደን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ድረስ ሄደዋል። ተክሉን ያገኙት ግን አገራቸው ውስጥ፣ ጋዚፑር አውራጃ ካፓሲያ በተባለ አካባቢ ነው። የካፓሲያ ስም ራሱ ጥጥ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የዘሩ አሻራ ከማሳው ጠፍቶ በቦታው ስም ላይ ቀርቶ ነበር ማለት ነው።

ጥጡ ከተገኘ በኋላም ችግሩ አላበቃም። ያን የመሰለ ቀጭን ክር የሚፈትል ሰው አልነበረም። በኮሚላ አካባቢ ወፍራም የእጅ ፈትል የሚፈትሉ ሴቶች ስለነበሩ ከእነሱ ተመርጠው ዳግም ሠለጠኑ። ጣታቸው እንዳይሻክር ሳይቀር መጠበቅ ነበረባቸው። ለሽመናውም ቢሆን ጃምዳኒ የሚባለውን ጌጠኛ ጨርቅ የሚሠሩ ሸማኔዎች በናራያንጋንጅ አካባቢ ስለቀሩ ብቻ መነሻ ተገኘ። የጃምዳኒ ሽመና እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከ500 ካውንት ክር የተሸመኑ የመጀመሪያዎቹ ሳሪዎች ተሠርተው የዳካ ሙዝሊን የባንግላዴሽ መለያ ምርት ሆኖ ተመዘገበ። ካውንት የክር ቅጥነት መለኪያ ሲሆን ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ይቀጥናል።

የባንግላዴሽ ጥረት ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። አንድ አርሶ አደር በጓሮው ጥግ ጥቂት ተክል ይዞ ቢቆይ ኖሮ የሙዚየም በር ማንኳኳት፣ የደረቀ ቅጠል መመርመር፣ የዱር ተክል ማሳደድ ባላስፈለገ ነበር። ነፃ ሊባል በሚችል ዋጋ ሊጠበቅ የሚችል ነገር ከጠፋ በኋላ የመንግሥት በጀትና የዓመታት ምርምር ጠየቀ። ይህም ሆኖ የተመለሰው የድሮው ሙዝሊን ሙሉ በሙሉ አይደለም።

ከአዱሊስ እስከ ዛሬ

ኢትዮጵያ ለቀጭን የጥጥ ጨርቅ እንግዳ አይደለችም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር ንግድ መምሪያ ከሕንድ ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩ ዕቃዎች መካከል ጥቂት ስስ የጥጥ ጨርቆችን ይቆጥራል። ይኸው መጽሐፍ ከጋንጀስ ወንዝ አፍ፣ ማለትም ከዛሬው ቤንጋል፣ ስለሚወጣው ምርጥ ስስ ጨርቅም ይናገራል። የአክሱሙ ንጉሥ ዕዛናም በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባይ ሸለቆ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ ከጠላት ጎተራ ከወደሙት ንብረቶች ውስጥ ጥጥን ከእህል ጋር ጠቅሷል። ጥጥ በዚህ አካባቢ የሚታወቅ ሀብት ከሆነ ቆይቷል።

ሙያው ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ አልጠፋም። ባንግላዴሽ የሌላትን ኢትዮጵያ አላት። ጥጡን በመዳመጫ ዘንግ ከፍሬው የምትለይ፣ በደጋን የምትነድፍ፣ ባዘቶውን በእንዝርት የምትፈትል እናት በየገጠር ቀበሌው ትገኛለች። "ቀጭን ፈታይ" የሚለው ቃል ለሴት ባለሙያነት የሚሰጥ ምስጋና ሆኖ የኖረው በከንቱ አይደለም። ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና ቡሉኮ የየራሳቸው የክር ውፍረት፣ የየራሳቸው የድርብ ቁጥር አላቸው። የድር ፈትል ጠበቅ ብሎ ይጠማዘዛል፤ የማግ ፈትል ለስለስ ይላል። ይህን የሚለይ እጅ በኮሌጅ የሚገኝ አይደለም፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚሸጋገር ነው።

ሆኖም ምልክቱ ከዳካው ጋር ይመሳሰላል። ሸማኔው ዛሬ ድሩን በአብዛኛው ከፋብሪካ ክር ያደርገዋል፤ ምክንያቱም ክሩ እኩል ነው፣ አይበጠስም፣ በቀላሉ ከገበያ ይገኛል። የእጅ ፈትል ወደ ማግ ብቻ ወርዷል፤ እሱም ቢሆን በብዙ ቦታ ለፋብሪካ ማግ እየለቀቀ ነው። የጥበብ ምስል በማሽን የታተመበት ጨርቅ ከውጭ እየገባ ከእውነተኛው ጥበብ ጎን ይሸጣል። የሚፈትሉት እናቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ልጆቻቸው እንዝርት አያነሱም። ባያነሱም አይፈረድባቸውም፤ አንድ ልቃቂት ስንት ቀን እንደሚወስድና በስንት ብር እንደሚሸጥ ያውቁታል።

ከዚህ በስተጀርባ ያለው የዘሩ ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ዝም የተባለ ነው። በዓለም ከሚመረተው ጥጥ ከ90 በመቶ በላዩ ከመካከለኛው አሜሪካ የመነጨ አንድ ዝርያ ነው። በኢትዮጵያም በሰፋፊ እርሻዎችና በአርሶ አደር ማሳ የሚዘሩት እንደ ዴልታፓይን 90 እና አካላ ኤስጄ 2 ያሉት ከዚሁ ወገን ናቸው። በ2010 ዓ.ም ደግሞ ጓይ ትልን የሚቋቋም ቢቲ የተባለ ድቅል ጥጥ እንዲመረት ተፈቅዷል። ድቅል ዘር ምርታማነት ሊጨምር ይችላል፤ ነገር ግን ከምርቱ ተቀንሶ ለከርሞ ዘር አይሆንም። በየዓመቱ መገዛት አለበት። አባት ለልጅ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሲሰጣጡት የኖረው የጓሮ ጥጥ በዚህ መካከል ቦታ ያጣል።

ምርታማነትስ?

በዚህ ጊዜ አንድ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ወይም አርሶ አደር ሊያነሳው የሚችል ተቃውሞ አለ። የድሮ ዘር ምርቱ አነስተኛ ነው፤ ትሉ ይበላዋል፤ ፋብሪካው አይፈልገውም። ልጆቹን ማስተማር ያለበት አርሶ አደር ለቅርስ ብሎ ኩንታል ማጣት አለበት ወይ?

መልሱ አጭር ነው፤ የለበትም። መተማም ሆነ ቋራ ለፋብሪካ የሚያመርት አርሶ አደር ምርጥ ዘሩን ይዝራ። ማንም ሰው ሰፊ ማሳውን ለአገር በቀል ጥጥ ይልቀቅ የሚል ሐሳብ የሚያዋጣ አይደለም፤ ቢባልም አርሶ አደሩ አይሰማም፤ ባይሰማም ትክክል ነው። የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ለእጅ ፈትል የሚሆን ጥጥ ብዙ ሄክታር አይጠይቅም። አንዲት ፈታይ በዓመት የምትፈትለው በኩንታል ሳይሆን በኪሎ የሚለካ ነው። ጥያቄው ለአንዲት የጓሮ መደብ፣ ለአንድ የውኃ መውረጃ ዳር፣ ለአንድ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ጥግ የሚሆን ነው።

ከዳካ የሚገኘው ሁለተኛው ትምህርትም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ፉቲ ካርፓስ በፋብሪካ መለኪያ ሲታይ ደካማ ጥጥ ነበር። በፈታይ መለኪያ ሲታይ ግን ከሁሉም በላይ ነበር። መመዘኛው ሲቀየር የጥጡ ዋጋም ይቀየራል። በየጓሮው የቀሩት ጥጦች በኩንታል መመዘኛ ብቻ ተለክተው "አነስተኛ ምርት" ከሚል መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። በፈታይ እጅ ተፈትነው የተመዘገቡት ስንት ናቸው የሚለው ግን ተጠይቆ አያውቅም።

ሌላው ተቃውሞ ከገበያ ወገን ይመጣል። በእጅ የተፈተለ ሸማ ውድ ነውና ማን ይገዛዋል? ይህ ስጋት ትክክለኛ ነው። የባንግላዴሽ አዲሱ ሙዝሊንም ለመሥራት ወራት ስለሚፈጅ የተራ ሰው ልብስ አልሆነም። ስለዚህ ሥራው ከሥልጠና መጀመር የለበትም። ከዚህ ቀደም በየወረዳው ሴቶች ተደራጅተው፣ ሠልጥነው፣ እንዝርትና መፍተያ ተሰጥቷቸው፣ ገዢ አጥተው የተበተኑባቸው ጊዜያት የሚረሱ አይደሉም። ሥራው ከገዢው መጀመር አለበት።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዘሩ ይሰብሰብ። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ከመደበኛ የመስክ ሥራቸው ጋር በየቀበሌው ለዓመታት የቆመ የጓሮ ጥጥ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ሊጠይቁ ይችላሉ። ባለቤቱ ተክሉን ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ከማን እንዳገኘው፣ ለምን እንደሚጠቀምበት ይመዝገብ። ከዘሩ ከፊሉ በ1968 ዓ.ም የተቋቋመውን የአገሪቱን የዘር ባንክ ለሚያስተዳድረው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይላክ፤ ከፊሉ በዚያው በወረዳው ይዘራ። የጥጥ አበባ በንብ አማካይነት በከፊል ስለሚዳቀል ለዘር የሚያዘው መደብ ከሌላ ጥጥ ማሳ ራቅ ማለት አለበት። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰቡን መብት ስለሚደነግግ አሰባሰቡ ይህን ተከትሎ ይሁን። ዘር ሰጪው አርሶ አደር ስሙ ከዘሩ ጋር መመዝገብ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ፈታይዋ በግብርና ኤክስቴንሽን ውስጥ ትቆጠር። ዛሬ በወረዳ መዝገብ ላይ ጥጥ አምራቹ አለ፤ ሸማኔውም በሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በኩል ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለችው ፈታይ ግን በየትኛውም መዝገብ የለችም። የዳካ ሙያ ወደ ዛሬ የደረሰው በከፊል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ጀምስ ቴይለር ያየውን ጽፎ ስላስቀመጠ ነው። የራሳቸው የፈታዮቹ ቃል ግን አልቀረም። እዚህ ባለሙያዎቹ በሕይወት እያሉ ቃላቸውን መመዝገብ ይቻላል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ክልል ውስጥ መኖሩም ዕድል ነው። አሮጊት ፈታይ ስታስተምር እንደማንኛውም አሠልጣኝ አበል ሊከፈላት ይገባል።

ሦስተኛ፣ ፈትል በጥራት ይመዘን። በአሁኑ ገበያ ቀጭኑም ወፍራሙም ፈትል በክብደት ስለሚሸጥ ቀጭን ፈታይዋ ትጎዳለች። የበለጠ የደከመችበት ክር ክብደቱ ያነሰ ነውና። መፍትሔው ቀላል ነው። 100 ሜትር ፈትል ተለክቶ በወርቅ ሚዛን ይመዘን። 5 ግራም ከመዘነ በአንድ ግራም 20 ሜትር ነው፤ 2 ግራም ተኩል ከመዘነ በአንድ ግራም 40 ሜትር ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በእጥፍ ይቀጥናል፤ ዋጋውም ይህን መከተል አለበት። አንድ ሚዛንና አንድ ሜትር ያለው የህብረት ሥራ ማኅበር ይህን መሥራት አያቅተውም።

አራተኛ፣ ገዢው የሚገዛውን ይወቅ። ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል የሆነ፣ ማጉ ብቻ የእጅ ፈትል የሆነ፣ ሁለቱም የፋብሪካ የሆነ ሸማ በአንድ መደብር ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ተራው ገዢ አይለያቸውም። ካልለያቸው ርካሹን ይመርጣል። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ማኅበራት የጋራ ምልክት እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ ለሲዳሞ፣ ለሐረርና ለይርጋጨፌ ቡናዎቿ በንግድ ምልክት ስማቸውን ማስከበር እንደቻለች ይታወቃል። ለሸማም መንገዱ ክፍት ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለበዓልና ለሠርግ የአገር ልብስ ይፈልጋሉ። ምልክቱ እውነቱን ከነገራቸው ለእውነተኛው የሚከፍሉ አይጠፉም።

አምስተኛ፣ መንግሥት ራሱ ገዢ ይሁን። በየስብሰባው ማጠቃለያ ለእንግዳ ጋቢ ማልበስ የተለመደ ነው። የክልል ቢሮዎች፣ ዞኖችና ወረዳዎች በዓመት የሚገዙት ጋቢ ቢደመር ቀላል አይሆንም። ይህ ጋቢ የክልሉን ጥጥ፣ የክልሉን ፈታይና የክልሉን ሸማኔ ይዞ እንዲቀርብ በግዥ መስፈርት ላይ አንድ መስመር መጨመር በቂ ነው። በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በላሊበላ ያሉ ሆቴሎችም ለእንግዶቻቸው ተመሳሳይ ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ። የዳካ ሙዝሊን ሲወድቅ በመጀመሪያ ያጣው የማይዋዥቅ ገዢውን ነው፤ ሲነሳም በመጀመሪያ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

በመጨረሻም ሪፖርቱ ይስተካከል። "ይህን ያህል ሴቶች ተደራጁ፣ ይህን ያህል ሠለጠኑ" የሚል ቁጥር የተሸጠ ፈትልን አያሳይም። ወረዳው ይጠየቅ ከተባለ የሚጠየቀው በሦስት ነገር ነው። ስንት ዓይነት የአካባቢ ጥጥ ዘር በእጁ እንዳለ፣ ስንት ኪሎ የእጅ ፈትል በጥራት ተመዝኖ እንደተሸጠ፣ ከዚህም ለፈታዮቹ ስንት ብር እንደገባ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩ ከመተባበሩ በፊት ግን መፈተል፣ ከመፈተሉ በፊትም መዘራት አለበት። በዝናብ ለሚለማው ቆላማ አካባቢ የጥጥ ዘር ወቅት ከክረምቱ መግቢያ ጋር ይመጣል። ከዚያ በፊት አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በአንድ ቀበሌ ሁለት አዛውንት እናቶችን "እርስዎ የሚፈትሉት ጥጥ ከየት የመጣ ነው?" ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን ቢጽፍና አንድ እፍኝ ዘር በወረቀት ቋጥሮ ስሙን ቢጽፍበት፣ ባንግላዴሽ በምርምርና በመንግሥት በጀት የፈለገችውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጀምረዋል። የሚቀጥለው ክረምት ሲመጣ ጥጡም እናቶቹም ይኖሩ እንደሆነ ዋስትና የሚሰጥ ግን የለም።